ያልተገጠመው አልጋ

አቶ ዘመድኩን አዲስ አበባ ሳሉ እንጨት ሠራተኛ ነበሩ። ቶሮንቶ ከገቡ ወዲህ ግን ሥራቸው በአንድ የመኪና ማቆሚያ ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መቁረጥ ሆነ። ልጃቸው ፌበን የመጀመሪያ ልጇን ማርገዟን የነገረቻቸው በረዶው በከበደበት ሰሞን ነው። ብዙም ሳይቆዩ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ከሚኖሩበት ሕንፃ የቆሻሻ ክፍል አጠገብ ሰው የጣለው የሜፕል እንጨት ጠረጴዛ አገኙ። እግሩ ተሰብሯል፣ ፊቱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ክብ ምልክት ትቶበታል። በጣታቸው አንኳኩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ አቅፈው በሊፍት ይዘውት ወጡ።

"ምንድነው ደግሞ ይሄ?" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጂቱ።

"አልጋ።"

"የማን?"

"የሚመጣው እንግዳ። ከዚያ የወንድሞቹ፣ ከዚያ የልጆቹ።"

የወይዘሮ ጠጂቱ ፊት ጠቆረ። ለበኩር ልጃቸው አቶ ዘመድኩን ገና ሳይወለድ አልጋ ሠርተውለት ነበር፤ ልጁ አልተኛበትም። ከዚያ ወዲህ ለፌበን እንኳ ቀድሞ የተገዛ ካልሲ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ተደራደሩ። እንጨቱ ይጋዛል፣ ይላጋል፣ ይበሳል፤ ልጁ በሰላም እስኪወለድ ግን አንዱ ከሌላው አይገጠምም።

"ሳይገጠም እንጨት ነው" አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ። "አልጋ ሆኖ ግን እንዳላየው።"

ሥራው ተጀመረ። አልጋው ሚስማር የለውም፤ የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ በእንጨት ችንካር ይያዛል፣ ሲፈለግ ተፈታትቶ ለሚቀጥለው ልጅ ይቀመጣል። ችንካሮቹን አቶ ዘመድኩን ዳሳቸው ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፤ ደንበኛው ቲኬቱን ሲቀበል የእንጨት ብናኝ አብሮ ይደርሰዋል። ቤት ውስጥ ማሞቂያው እሳት ይተፋል። ያለቀው ቁራጭ ሁሉ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ከሶፋው ሥር ይገባል። አንዳንዴ እጃቸው ሳያስቡት ምላሱን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋል፤ እንጨቱ ኳ ይላል።

"ሰማሁ!" ይላሉ ጠጂቱ ከወጥ ቤት።

"ኧረ እየለካሁ ነው!"

"በዓይንህ ለካ!"

ጁላይ ውስጥ፣ ሸሚዝ ከጀርባ በሚጣበቅበት ቀን፣ ስልክ ተደወለ። ሴት ልጅ! እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ነገ ከሆስፒታል በቀጥታ እነሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ ፌበን የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። ወይዘሮ ጠጂቱ እልል አሉና እንባቸውን ሳይጠርጉ ሶፋውን ገፉ።

"በል ግጠም! ምን ትገተራለህ?"

አልገባም። ምላሱን አዙረው ሞከሩ፣ ሌላውን ሞከሩ፤ አንዱም አልገባም።

"አበጠ" አሉ አቶ ዘመድኩን።

"ምኑ?"

"እንጨቱ። ማሞቂያው አድርቆት ሳለ ቆረጥኩት፤ አሁን ከወበቁ እርጥበት ጠጣ። ሰሞኑን አንዴ ቢሞከር ኖሮ ባወቅሁ ነበር።"

ወይዘሮ ጠጂቱ ከንፈራቸውን ነከሱ። "እና ላገው በቃ።"

"ብልገው ዛሬ ይገባል። ብርዱ ሲመጣ ግን ይላላል። ለሷ ይበቃ ይሆናል፤ ለልጇ አይተርፍም።"

ጠጂቱ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሄደው ኦቨኑን ለኮሱ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ቁራጮቹን ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ደረደሩ።

"ደረቁ ዊንተር ካማረው ዊንተር እንስጠዋ!"

መስኮቱ ተዘጋ። አዛውንቶቹ ላባቸውን እየጠረጉ እንጨቱን እንደ ቂጣ ሲያገላብጡ ዋሉ፤ በማግስቱም ጧት ቀጠሉ። ፌበን ሕፃኗን ታቅፋ ስትደርስ በሩ ላይ ተገተረች።

"እማዬ! ምንድነው ይሄ ሙቀት? ኦቨን? በጁላይ?"

"አልጋ እየጋገርን ነው" አሉ አባቷ። "ግቢና ዝጊው፣ እርጥበት አታስገቢ!"

"ልጄን ልታበስሏት ነው እንዴ?" ብላ እየሳቀች መኝታ ቤት ገባችና ቬንትሌተሩን ከፈተች።

ከምሳ በኋላ የመጀመሪያው ምላስ ጥብቅ ብሎ ገባ። ጎኖቹ ቆሙ። የመጨረሻው ችንካር ሲቀር አቶ ዘመድኩን መዶሻውን ለባለቤታቸው ዘረጉላቸው። ወይዘሮ ጠጂቱ መዶሻውን ተቀበሉ እንጂ አልመቱም። ከመኝታ ቤት ሕፃኗ ከልቧ ስታለቅስ ሰሙ፤ ያኔ ጨከን ብለው መቱት።

"አሁን መስኮቱን ክፈቺ" አሉ አቶ ዘመድኩን። "ከገባ ወዲያ ቢያብጥ ይጠብቃል እንጂ አይጎዳም።"

ፌበን ሕፃኗን ከመኝታ ቤት አምጥታ አልጋው ላይ አስተኛቻት። ሕፃኗ ዝም አለች፣ አፍንጫዋን ጨመደደች፣ ከዚያ አስነጠሰች።

"ይማርሽ!" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ፤ ወይዘሮ ጠጂቱም እንደበራ የረሱትን ኦቨን ለማጥፋት ሮጡ።