ጥቁር ሸሚዝ በካርቲየ 6

ኮረብታውን እንድንይዝ የታዘዝነው ንጋት ላይ ነበር። ረፋዱ ላይ ያዝነው። ከቀትር በኋላ ከባድ መሣሪያ ወረደብን፤ አፈግፍጉ ተባልን። ጀማል አጠገቤ ወደቀ። ልጎትተው ስል ትንፋሹ ቆሞ ነበር። የሞቱትን ማንሳት አልቻልንም፤ ቁስለኞቻችንን ብቻ ተሸክመን ወረድን።

ቀደም ሲል ምሽግ ውስጥ ሳለን ጀማል አደራ ብሎኝ ነበር። «ከሞትኩ እናቴ በስልክ እንዳትሰማ። ጅቡቲ ድረስ አንተ ሂድ።» ወዲያው ደግሞ ሳቀብኝ። «እንዳትቀልጥ ብቻ፣ ደገኛው።»

ከሠራዊቱ ስሰናበት በጭነት መኪና ወደ ጅቡቲ ወረድኩ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በሽማግሌዎች ነው። እዚያ የማውቀው ሽማግሌ አልነበረም። ስለዚህ ራሴን ተላጨሁ፤ ጥቁር ሸሚዝም ለበስኩ። በሩን የሚከፍት ሰው አይቶኝ ይረዳዋል፣ እኔም ከመናገር እድናለሁ ብዬ ነበር።

የጀማል ቤተሰብ የሚኖርበት የጅቡቲ ሰፈር፣ ካርቲየ 6 ስደርስ ፀሐይዋ በማለዳው ታቃጥል ነበር። የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። ከድሬዳዋ ነጋዴዎች ቢወለዱም ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ጅቡቲ ነው። የጀማል ጓደኛ ነኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ሰጡኝ። ራሴን መላጨቴን አይተው ለሙቀቱ ደግ አደረግክ አሉኝ። ከዚያ ሸሚዜን እያዩ ሳቁ።

«በዚህ ሐሩር ጥቁር ይለበሳል እንዴ፣ ልጄ? ቆይ፣ የጀማልን ነጭ ላምጣልህ።»

ነጩን ሸሚዝ ይዘው ሲመለሱ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«እናቴ፣ ጀማል የለም» አልኩ።

ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ኢና ሊላሂ አሉ፣ በቀስታ። እኔ እንዳገሬ ልማድ ጮኼ ማልቀስ ስጀምር እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

«አትጩህ። ጀናዛው ላይ ማን ሰገደ?»

ማንም እንዳልሰገደ፣ ኮረብታው ላይ ትተነው እንደወረድን ነገርኳቸው። ከመርዶው ይልቅ ይህ ከበደኝ። እሳቸው የነጩን ሸሚዝ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትተው ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወንዶች መስጊድ ተሰብስበው፣ አስከሬን በሌለበት ሰገዱለት። እኔ የጀማልን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ከደጅ ቆምኩ። እጅጌው አጠረኝ። ማዘኔን የሚያውቅ አላፊ አግዳሚ አልነበረም።

ከእኛ ጋንታ አሥራ አንድ ሰው እዚያ ኮረብታ ላይ ቀርቷል። ለአንዱ ተሰገደለት። የአሥሩን ቤት ማን እንዳንኳኳ፣ ያንኳኳ ሰው መኖሩንም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።