ጣት በአፍ

ሰፈሩ «ኮማንደር» ይለኛል። የማልሰማ መስሏቸው ነው እንጂ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኝ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የስድስት ዓመት ልጆችን ለአንደኛ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ልጅ ዝም ለማሰኘት ሲጮሁ ድምፃቸው ይዘጋል። እኔ ግን «ጣት በአፍ!» ካልኩ አለቀ፤ አርባ ልጅ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን አቅንቶ ቀጥ ይላል። «ይውረድ» እስክል ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም። እንግዳ ሲመጣ ዳይሬክተሯ መጀመሪያ የምታሳየው የእኔን ክፍል ነበር።

ሽንት ቤትም በደወል ነው። ከደወል ውጪ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» ላለ ልጅ መልሴ አንድ ነው፦ «ቻለው! ትልቁ ትምህርት ቤት ማን ይለማመጥሃል?» እያዘጋጀኋቸው ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ለአንዱ ከተፈቀደ የአርባውም ሽንት ይመጣል፤ አስተምሮ የማያውቅ ሰው ይሄ አይገባውም።

አምና የልብስ ሰፊዋ ልጅ መጣችልኝ። በእግሯ ሳይሆን በምላሷ የገባች ነው የምትመስለው። ገና ሳልቀመጥ የራሷን፣ የእናቷን፣ የጎረቤቱን ድመት ታሪክ ጨረሰችልኝ። ከዚያ ሹራቤን ጎተት አድርጋ «ቲቸር፣ ይሄ ቁልፍ ሊወድቅ ነው፤ እማዬ ትትከልልሽ» አለችኝ። እናቷ በሃፍረት «ኧረ ቲቸር፣ የዚችን ምላስ አንድ ይበሉልኝ» አለች። «ግድ የለሽም፣ ለእኔ ተያት» አልኳት፤ ምላሴን በቆረጠው! በሁለት ወር ልክ አስገባኋት። ቁልፉ እውነትም የወደቀ ቀን ሹራቤን ትክ ብላ አየችው፤ አየችና ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ነበር።

ዘንድሮ ትልቁ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት የአንደኛ ክፍል አስተማሪው ግቢያችን ድረስ መጣ። ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ወንበር ሳብኩለት።

«የእርስዎ ልጆች ይለያሉ» አለኝ።

«ይለያሉ እንጂ!»

«የሌሎቹ ልጆች ሽንታቸው ሲያመልጣቸው ያለቅሳሉ፣ ይነግሩኛል። የእርስዎዎቹ ግን እርጥቡ ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። እስካሁን አራት ናቸው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከጠዋት እስከ ምሳ እንደዚያው ቁጭ ብላ ነበር። በኋላ ልጆቹ አይተው ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ይኸው ሳምንቷ። እናቷም ይቅርባት፣ ለከርሞ ትግባ እያለች ነው።»

ደሜ ፈላ። «ሃያ ሦስት ዓመት! አንተ ጡት ሳትጥል ጀምሬ…» ብዬ ወረድኩበት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ልወቅስዎት አይደለም የመጣሁት» አለ። «እንድታናግረኝ ምን ልበላት? እሱን እንዲነግሩኝ ነው።»

በሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ዝም አሰኚ እንጂ አናግሪ ያለኝ ሰው የለም።

ከሥራ ስወጣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ሱቋም ቤቷም አንድ ክፍል ነው፤ ከፊት የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው። ገና ስታየኝ ብድግ አለች።

«ውይ ቲቸር፣ በምን ዓይኔ ልይዎት? ያን ሁሉ ለፍተውባት ይቺ ልጅ አዋረደችዎት። ይቅር ይበሉን።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! እኔስ ምን አልኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ «ግድ የለም፣ ልጅ አይደለች» ብዬ ቁጭ አልኩ። ያን ስል የሰማሁትን የገዛ ድምፄን ዛሬም ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ልጅቷ መኪናው ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትደረድር ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው ጨርቁን ጣል፣ ጀርባዋን ቀጥ፣ ጣቷን አፏ ላይ።

«አዩልኝ! አልረሳችዎትም እኮ» አለች እናቷ ደስ ብሏት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ያዋረደችኝ እሷ አይደለችም» አልኩ። «ያዋረድኳት እኔ ነኝ። ሽንታችሁ ሲመጣ ቻሉት፣ አትናገሩ እያልኩ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያልኳትን ነው ያደረገችው። ነገ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ። የሳቁባት ልጆች ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።»

እናትየው ክር የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዞራ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ጣቷን አላወረደችም፤ ለካ አላልኳትም።

«ይውረድ፣ የእኔ እናት» አልኩ።

አወረደችው። ከመኪናው ሥር ወጣች፤ በእኔ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን ዞራ እናቷ ጆሮ ላይ አንሾካሾከች። የእናቷ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ሽንት ቤት ልሂድ ወይ ብለሽ ቲቸርን ጠይቂልኝ ነው የምትለው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች «በገዛ ቤቷ፣ ቲቸር!» አለችኝ።