የጸሎት ርዕስ

ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቀዋለህ? መጀመሪያ ወፍራም ነው፤ እየሞላ ሲመጣ ይቀጥናል። ዛሬ ጠዋት ከሕንፃችን ሥር ካለው ቧንቧ ያንን ድምፅ ሰማሁና የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩት። ወንድሜ ከሞተ ገና ሁለት ወር አልሞላውም።

ያደግነው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ እኛ ጋ አይደርስም። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛን ካደረሰ በኋላ ተመልሶ ይወርድና ለጎረቤታችን ለአሮጊቷ ይቀዳላቸው ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። «ወገብህን፣ የኔ ልጅ!» ሲሉት፣ «ምን ይሠራልኛል እማማ፣ ገና አላገባሁ!» ይላቸዋል። ሳቃቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ በዚያ ሰዓት ተንበርክኬ እጸልያለሁ። ጮክ ብዬ። ደረጃው ላይ ያለ ሰው እንዲሰማኝ።

ጌጃ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እሱ ኳየር ውስጥ ይዘምር ነበር። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ የወጣቶች ጸሎት ቡድን አባል። ከእኔ በላይ ክርስቶስን የሚወድ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጀሪካኑን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሳርፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። የአሥር ሰዓት ፀሐይ ፊቱ ላይ ወድቃለች። «አንድ ነገር ልንገርህ። ግን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ስዘምር ዓይኔን ስጨፍን ማንም የለም አለኝ። ሌላው ሲያለቅስ እኔ ባዶ ነኝ አለኝ። «ማመን እፈልጋለሁ እኮ። እንዲህ ሆኜም ኢየሱስ ይሰማኛል ትላለህ?» ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

እኛ ጋ ከጸሎት በፊት መሪው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ይላል። አንዱ ይነሳል፤ የታመመ ወይም ሥራ ያጣ ሰው ይጠራል፤ ሁሉም ይጸልይለታል። የሰው ገመና ቢወጣም እንደ ሐሜት አይቆጠርም። ረቡዕ ዕለት ተነሳሁ። «ወንድሜ እምነቱን ጥሏል» አልኩ። ዓይኑን ሲጨፍን የሚሆነውን ሳይቀር ተናገርኩ። ጥያለሁ ግን አላለም ነበር። አላለም። አለቀስኩም። ትከሻዬን ይዘው «ተባረክ፣ ወንድምህን ትወደዋለህ» አሉኝ። እያፈርኩ ነው የምነግርህ፤ ደስ አለኝ።

እሁድ ሁሉም ለብሰው በተሰለፉበት፣ የኳየሩ መሪ ዩኒፎርሙን እንዲያወልቅ ነገረው። «እስክትመለስ ነው» አለው። አንዲት ዘማሪ ከኋላ «ለካ ዓይኑን የሚጨፍነው እንቅልፍ እየወሰደው ነው» አለች። ሳቁ። ወንድሜ ልብሱን አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በሩ ላይ ሲያልፈኝ «አሳምረህ ጸለይክልኝ» አለኝ።

ጀሪካኑን መሸከም ግን አልተወም። ለእኔ ነበር መናገር የተወው። ስለ ሥራውም፣ ስለሚወዳት ልጅም፣ ስለ ምንም። «ዛሬ ደክሞሃል» ስለው «ርዕስ አለቀብህ?» ይለኝና ይስቃል። እንዲህ ሆነን አራት ዓመት ኖርን። ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ሆዱን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዞ አየሁት። አልጠየቅኩትም። ሐኪም ቤት የወሰድነው ከወደቀ በኋላ ነው። «እስከዛሬ የት ነበራችሁ?» አላት ሐኪሙ እናቴን።

ለአሮጊቷ ሕመሙን ነግሯቸው ኖሯል። «ታከም ብዬ ለመንኩት። ለወንድሜ እንዳይነግሩብኝ ብሎ አስማለኝ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ በለቅሶው ቀን። ድንኳኑ ውስጥ የጸሎት ቡድናችን መሪ ተነስቶ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አቀረቀርኩ።

ዛሬ ጠዋት ወረድኩ። ሁለት ጀሪካን ሞልቼ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከምኩ። እጄ ተላጠ። አሮጊቷ በራቸውን ከፍተው አዩኝ፤ ከዚያ ጀሪካኖቹን አዩ።

«እዚያ አስቀምጠው» አሉኝ።

ወገብህን አላሉኝም።