በፎርሙ ላይ ሦስት መስመር ነበር

እኔ መካኒክ ነኝ። ይህን በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ከልቡ የሰማኝ ግን ጥቂት ሰው ነው። ቦንጋ አውቶ መካኒክ ስማር ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሞተር አውርጄ እሰቅላለሁ፣ ፍሪሲዮን እቀይራለሁ፣ የናፍታ መኪና ሲያስለው ድምፁን ሰምቼ የት ጋ እንደታመመ እናገራለሁ። ተመርቄ ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር ግን ባለቤቶቹ መጀመሪያ ዲፕሎማዬን፣ ቀጥሎ ቀሚሴን ያዩና "እስቲ ስልክሽን ትተሽልን ሂጂ" ይሉኛል። ትቼላቸው ሄድኩ። አንድም የደወለ የለም።

ማስታወቂያውን ያየሁት በዚህ መሀል ነው። ዘመኑ የአንድ ለአምስት፣ የግምገማና የስብሰባ ዘመን ነበር፤ በየቢሮው በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሎ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የማይገኝበት ጊዜ። ከተማችን ዋጫ፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የወታደር ምልመላ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሰው ተኮልኩሎ ያነባል። መሣሪያ መያዝ አምሮኝ አያውቅም፤ ልዋሽ አልፈልግም። ዓይኔ የተተከለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። በቴክኒክ የሠለጠኑ ወጣቶች ከመግባታቸው በፊት የሚሰማሩበትን ሙያ ራሳቸው ይመርጣሉ ይላል። ሙያዎቹም ተዘርዝረዋል፤ የተሽከርካሪ ጥገና ከላይ ሁለተኛው ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ወታደር ቤት ያለው የመኪና ብዛት ታየኝ። በዚያ ላይ ቀሚስ የለም፤ ወንዱም ሴቱም የሚለብሰው አንድ ነው።

ቦንጋ ለሚደረገው ምዝገባ ዋስ የሚሆን ታላቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። አባቴ የሞተው ገና ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። አጎቴ መጠነኛ ቡናና ጥቂት ቀፎ የነበራቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን አንደበት የነበራቸው ሰው ናቸው። ልጅ የሚድር ሰው እሳቸውን ሳይዝ አይሄድም፤ የተጣላ ጎረቤት እሳቸው ካልተቀመጡ አይታረቅም። አማርኛን በጉልምስናቸው የተማሩት ስለሆነ ቢሮ ሲገቡ ቃላቸውን እየመዘኑ ነው የሚያወጡት፤ በእናት ቋንቋችን በካፊኖኖ ግን ሲናገሩ ውሎ ቢመሽ ሰው አይሰለቻቸውም።

ዋጫ ሚኒባስ ላይ ከተሳፈርንበት ጀምሮ ቦንጋ እስክንገባ አስጠናኋቸው። አንደኛ ምርጫ የተሽከርካሪ ጥገና፣ ሁለተኛ መገናኛ፣ ሦስተኛ ምሕንድስና። "ገብቶኛል ልጄ፣ ምነው እንደ ሕፃን አደረግሽኝ?" አሉኝ። ለዕለቱ የጎረቤት ኮት ተውሰው ነበር፤ ትከሻው ስለሰፋቸው በየደቂቃው ይጎትቱታል። ደስ ብሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ደስታቸውን ለእኔ ዕድል ብቻ ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አገር አንድ ነገር ካልተናገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። እኛ ጋ ወጣት ለጉዳይ ሲሄድ አይናገርም፤ ይዞት የሄደው ታላቅ ሰው ይናገርለታል። ታላቁም ሰው "ምን ትፈልጋላችሁ?" ሲባል የፈለገውን ወዲያው አያፈርጠውም። መጀመሪያ "እናንተ ያላችሁትን" ይላል። ጠያቂው ደግሞ "ኧረ ግድ የለም፣ ይናገሩ" ብሎ ይደግማል። ያኔ ነው ጉዳዩ የሚወጣው። ምግብ ላይም እንዲህ ነው፣ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅም እንዲህ ነው፣ መሬት ሲካለልም እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ "ይህን ስጡኝ" የሚል ሰው ያላደገ ነው። በመጀመሪያው መልስ ዘግቶ የሚሄድ ጠያቂ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አጎቴ እስከዚያ ቀን አልገጠማቸውም።

የምዝገባው አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንድ መቶ አለቃና አንድ ጸሐፊ። ተራችን ሲደርስ ለአጎቴ ወንበር ሰጧቸው። መቶ አለቃው ዲፕሎማዬን ገለጥ ገለጥ አድርጎ "ጎበዝ" አለ። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። የሙያ ምርጫ ከሚለው ሥር ሦስት መስመር አለ፤ ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት።

"በየትኛው ዘርፍ እንድትገባ ትፈልጋላችሁ?" አለ መቶ አለቃው።

አጎቴ ከወንበሩ ተነሡ። ኮቱን ሳብ አደረጉ። "እናንተ ለልጆቻችን የምታውቁ ናችሁ" አሉ፣ በዚያ በተመዘነ አማርኛቸው። "እናንተ የሰጣችሁትን ትቀበላለች።"

ልቤ አልደነገጠም። የሚመጣውን አውቃለሁ፤ አሁን መቶ አለቃው "ግድ የለም አባቴ፣ ይናገሩ" ይላል፣ አጎቴም አንደኛ የተሽከርካሪ ጥገና ይላሉ። መቶ አለቃው ግን ፈገግ ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረና "እንዲህ ያሉ አባቶች ይብዙልን" አለ። ጸሐፊው ጻፈ። አንገቴን አስግጌ አየሁት። በአንደኛው መስመር ላይ ምግብ ዝግጅት ብሎ፣ የቀሩትን ሁለቱን በአንድ ጭረት ሰረዛቸው።

"እኔ እኮ መካኒክ ነኝ" አልኩ።

"አባትሽ ተናገሩ አይደል እንዴ?" አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል። "ፈርሚ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።"

አጎቴ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። አፋቸው ሊከፈት ብሎ ሲዘጋ አየሁት። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር! ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ሌላ ስም እየጠራ፣ እሳቸው ገና ይጠይቁኛል ብለው ቆመዋል።

ፈረምኩ። ለምን ፈረምሽ የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ ራሴንም ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር፣ አገር ቤትም የሚጠብቀኝ ሥራ አልነበረም፣ እዚያ ስደርስ ዲፕሎማዬን አሳይቼ አስቀይራለሁ ብዬ አሰብኩ። ከሁሉም በላይ ግን በአጎቴ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ እሳቸው የተናገሩትን ማፍረስ አልቻልኩም። አስተዳደጌ እጄን ያዘኝ።

አፌን ግን አልያዘኝም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጎቴ ቀስ ብለው በካፊኖኖ "ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው እኮ" አሉኝ። እኔ በአማርኛ መለስኩላቸው። ሆን ብዬ ነው፤ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ከቦንጋ ገበያ የሚመለሱት ነጋዴዎችም እንዲሰሙ።

"ማን ነው የሚደግምልህ?" አልኩ። እርስዎ ማለቱን ትቼ አንተ አልኳቸው፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ለሰው ሁሉ ትናገራለህ፤ ለእኔ አንዲት ቃል አጣህ። ከአሁን በኋላ ለማንም አትናገር። አፍህ ሰው ይቀብራል።"

አንዲት ሴትዮ "ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው" አለችኝ። አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ዋጫ እስክንደርስ ፊታቸውን አልመለሱም።

በማግስቱ ብቻቸውን ተነሥተው ቦንጋ ሄዱ። ሲመለሱ በር ላይ ቆመው "ጠየቅኳቸው" አሉኝ። "ቀጥታ ጠየቅኳቸው፣ መካኒክ አድርጉልኝ ብዬ። ስም ዝርዝሩ ሄዷል፣ ትናንት ነበር መናገር አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" አዎ የእርስዎ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ስሄድ እንደ ወጉ ጉልበታቸውን አልሳምኩም። ቆመው ሸኙኝ፤ እኔ መኪናው ላይ ተሰቅዬ ወደ ሌላ ሰው አየሁ።

ወታደራዊ ሥልጠናውን እንደ ሌላው ሁሉ ጨረስኩ። ከዚያ ወጥ ቤት። ሰው ሊገባበት የሚችል ድስት፣ ከክንድ የሚረዝም ጭልፋ፣ ጠዋት ሻይ፣ ቀን ምስር፣ ማታ ምስር። ምግብ መሥራት ውርደት ነው አላልኩም፤ ያ ሁሉ ሰው የሚኖረው በልቶ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ውኃ የሚያመላልሰው ቦቴ በራችን ላይ ቆመና ሹፌሩ ቁልፍ እየጠመዘዘ ባትሪውን ሊጨርሰው ሆነ። እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ወጥቼ "ናፍታ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፣ አየሩን ሳታስወጣ አይነሣም" አልኩት። "እህቴ፣ ወጡ እንዳያርርብሽ" አለኝና ሳቀ። ሰዎቹ መካኒክ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ጠበቁ። መካኒኩ መጥቶ አየሩን አስወጣና ቦቴው ተነሣ። ያን ቀን እኛ ውኃ አጥተን ምሳ የዘገየው በእናንተ ነው ተብለን ተገመገምን።

ዲፕሎማዬን ለአለቆች አሳየሁ። "ስትመዘገቢ መምረጥ ነበረብሽ" አሉኝ። ይህን በሰማሁ ቁጥር በአጎቴ ላይ ያለኝ ቂም ይታደሳል። ድስት ባማሰልኩ ቁጥር በሆዴ የማማሰለው እሳቸውን ነበር።

አብራኝ የምትሠራ ከእኛው ወገን፣ ከጌሻ፣ ከደካ የመጣች ልጅ ነበረች። አባቷ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ አስተማሪ ስለሆኑ አማርኛዋ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው፤ ይሉኝታ የሚባል ነገርም አልፈጠረባትም። አንድ ከሰዓት ሽንኩርት እየላጥን የአጎቴን ነገር ነገርኳት። ምርር ብዬ ነው የነገርኳት፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "አንቺ" አለችኝ፣ "እኔ ለራሴ ነው የተናገርኩት። ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፣ መገናኛ ነው የምፈልገው ብዬ ሦስቱንም መስመር በገዛ እጄ ሞላሁ። ከመቶ አለቃው ጋር ተጨቃጨቅሁ። የት ነው ያለሁት አሁን?"

ሽንኩርቱ ፊት ለፊታችን ተቆልሏል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ከወዲያ ሰምቶን ኖሮ እየሳቀ መጣ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቀልድ ያወራ መስሎት ነው። "እናንተ ደግሞ ስለ ፎርም ትጣላላችሁ" አለ። "ምዝገባው ሳይጀመር እኮ ነው ከዚያ ወገን ይህን ያህል ሴት ለወጥ ቤት ይመጣልሃል የተባልኩት። ጭልፋውን ሁሉ በልኩ ነው ያስመጣሁት።"

እንዲህ ተናደድኩ ብዬ መጻፍ አልችልም። ጭልፋዬ ከእኔ በፊት ተመዝግቦ ነበር! አጎቴ ኮት ሲዋሱ፣ እኔ በሚኒባስ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ ሳስጠናቸው፣ ጭልፋው ተገዝቶ ተቆጥሮ አልቋል። ታዲያ ያ ፎርም፣ ያ ሦስት መስመር፣ ያ "ትፈልጋላችሁ?" ምን ነበር? ካልሰጣችሁኝ አትስጡኝ፤ ወጥ ቤት ሰው አንሶናል ግቢ በሉኝ፣ እገባለሁ ወይም አልገባም። መርጣችሁ ጨርሳችሁ ምረጪ ማለት ግን ምን የሚሉት ነው? እኔንስ ተዉኝ፤ አንድን ሽማግሌ በገዛ አንደበቱ ልጁን የጎዳ አስመስሎ ወደ ቤቱ መመለስ ምን የሚሉት ነው?

ፈቃድ አግኝቼ አገር ቤት የገባሁት ከዚያ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አጎቴ ከስተዋል። ሚስታቸው ጓዳ አስገብታ የነገረችኝ ይበልጥ አስደነገጠኝ። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ለማንም አይናገሩም። ሰው ለሰርግ ይዟቸው ሊሄድ ሲመጣ ሌላ ሰው ፈልጉ ይላሉ። የተጣሉ ሰዎች ደጃፋቸው መጥተው ቢለምኗቸው "የእኔ አፍ ሰው ይጎዳል" ብለው መልሰዋቸዋል። ሰው ሁሉ ጉዳዩን የሚያስይዘው አንደበት፣ እኔ ዝም በል ስላልኩት ዝም ብሏል።

ከሰዓት በኋላ ቀፎ ሲጠግኑ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደካዋን ልጅ፣ የሃምሳ አለቃውን፣ የጭልፋውን። ቢናገሩም ባይናገሩም ያው እንደነበረ፣ ጥፋት የሚባል እንዳልነበረባቸው። ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቀልላቸዋል ብዬ ነበር፤ ደስ ይላቸዋል፣ አንደበታቸው ይመለሳል ብዬ።

ይቅርታዬን የሰሙት አልመሰለኝም።

"አልጠየቁንም በይኛ" አሉ።

"አልጠየቁንም።"

"እኔን በዕድሜዬ መንግሥት ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነበር" አሉኝ። "ደስ ብሎኝ እኮ ነው ቶሎ ያልመለስኩላቸው።"