ቴፑ ያልያዘው ድምፅ

ሬዲዮ ጠጋኙ አባቷ ከሞተ ወዲህ ልብስ ሰፊዋን የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር፤ ድምፁ እየጠፋባት ነው። ለመልኩስ ፎቶ አለ። ከድምፁ ግን መጀመሪያ አሳሳሉ ከጆሮዋ ወጣ፤ ቀጥሎ ሳቁ ተከተለ። በቀደም ከውጭ ስትመለስ "ገባሽ?" የሚላትን ለማስታወስ ብትሞክር የመጣላት የሰፈሩ ጋራዥ ዘበኛ ድምፅ ሆነና በገዛ ራሷ ተናደደች።

ሰው ቢሰማ ይስቅባታል፤ ቤቱ ሙሉ ካሴት ነዋ። አባቷ በሥራ ቀን የሰው ሬዲዮ ይፈታል፣ በእረፍት ቀኑ ያቺን ጥቁር ቴፕ በብብቱ ሸጉጦ የሰው ኑሮ ሊቀዳ ይሄዳል። አዋላጇን ቀድቷል፣ የሊፍት ሠራተኛውን ቀድቷል። ሰፈሩ "ጆሮው" ይለው ነበር። "ጆሮው መጣ፣ ጉዳችሁን አዘጋጁ" እየተባለ ይቀለድበታል፤ ቀልደኛው ራሱ ግን ወንበር ስቦ የተቀመጠ እንደሆነ ከቃሉ እንባው ይቀድማል።

ምን ያደርጋል፣ ሰውዬው አመል ነበረበት። ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አውራ ጣቱ የማቆሚያዋን ቁልፍ ይጫናል፤ ጠይቆ ሲጨርስ ይለቃታል። "በሰው ታሪክ መሃል የኔ ጉርምርምታ ምን ይሠራል?" ይል ነበር። ካሴቱ ሁሉ እንደዚያ ነው። አዋላጇ ታወራለች፣ ቀጭ ይላል፣ "እናቴማ ደግ ነበረች" ትላለች። ካሴቱ ላይ ስለ እናቷ የጠየቃት ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ ሲመሽ እራቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ያቺ ቀጭታ ስትመጣ ማኘኳን ታቆማለች። አባቷ ያለው እዚያች ውስጥ ነው፤ አይሰማም እንጂ።

ካሴቶቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀር ፖስተኛው ላይ ደረሰች። ጡረታ የወጣ፣ የሆዱን በሆዱ መያዝ የማይችል ሽማግሌ ነው። መሃል ላይ ቱግ አለ።

"እኔ ብቻ ልለፍልፍ እንዴ? እስቲ አንተም ተናገር፤ ማታ ማታ ከማን ጋር ታወራለህ?"

ቀጭ አለ። የፖስተኛው ድምፅ ሲመለስ ቀዝቅዟል።

"ታዲያ ለምን አትጠይቃትም? ልጅህ አይደለችም?"

ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። በማግስቱ የደንበኞቿን ልብስ እንደተከመረ ትታ ፖስተኛው ቤት ሄደች።

ሽማግሌው በር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

"የጆሮው ልጅ? ነይ፣ ነይ ተቀመጪ።"

"አባባ፣ ቴፑ ላይ አባቴን አንድ ነገር ጠይቀውት ነበር። የመለሰልዎት አልተቀዳም።"

"ምኑ ይቀዳል፣ ጣቱ መች እረፍት ነበራት።" ሳቅ አለ። "ድምፁ ጠፋ ነው ያለኝ።"

"የማን ድምፅ?"

"የስፌት መኪናሽ ነዋ። 'እናቷ ከሞተች ወዲህ ከግድግዳው ወዲያ ስትሰፋ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኝ ነበር' አለኝ። 'አሁን ድምፁ ጠፋ። ሥራ ቀዝቅዞባት እንደሆነ እንዳልጠይቃት፣ እንዳይከፋት እፈራለሁ' አለኝ።"

ሥራ መች ቀዝቅዞባት ያውቃል። ደክሞት ይመጣል፣ ይተኛ ብላ ነበር ድምፁን እንዲያፍን ብርድ ልብስ አጥፋ ከመኪናው እግር ሥር ያነጠፈችው። ጠዋት ዓይኑ ደፍርሶ ስታየው ድምፁ አሁንም እየረበሸው መስሏት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመረች። እሱም ምንም አላላት፣ እሷም አልጠየቀችው።

"አልቀዘቀዘብኝም ነበር፣ አባባ" አለች። ሽማግሌው ጉዳዩ ባይገባውም እጇን ይዞ ቆየ።

ቤቷ ስትገባ መሽቶ ነበር። የስፌት መኪናውን በትከሻዋ ከፍ አድርጋ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ጎትታ አወጣች። ብርድ ልብሶቹ ላይ አራቱ እግሮች የቆሙበት ቦታ ሰርጉዶ ቀርቷል። የመሃሉን በር ከፈተች፤ የአባቷ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ከዚያ ጨርቅም ክርም ሳታስገባ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው አስተጋባ። ይሄኔ አባቴን እንቅልፍ ይዞት ሄዷል የምትልበት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ እግሯን አላነሳችም።