ጠርሙሱን ሙሉ የጠጣው ሰው

በሰፈራችን መኪና መንዳት የተማረ ሁሉ የሚያውቀው «ፍሬን» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። የአሽከርካሪነት አስተማሪ ነበር። ከተማሪው ጎን ይቀመጣል፤ እግሩ ሥር ለእሱ ብቻ የተገጠመ ሌላ የፍሬን መርገጫ አለ። ተማሪው ሲደናገጥ እሱ ይረግጣል፣ መኪናዋ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ፍሬን አልኩህ እንጂ ነዳጅ አልኩህ?» ይላል። እኔም ያስተማረኝ እሱ ነው። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ አሁንም መስቀለኛ መንገድ ላይ ስደርስ ያ ድምፅ ከጎኔ ይመጣል።

ሚስት አላገባም። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ፣ በልብስ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ለቁም ነገር አበቃችው። እሱ «እቴቴ» ይላታል፤ እኛም ከእሱ ወስደን እቴቴ እንላት ነበር። ስኳር በሽታ ይዟት ቆይቷል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር።

የገበያው ጥግ ላይ የጠብታ ቤት እስኪከፈት ድረስ ማለቴ ነው። ባለቤቱ ነጭ ጋዋን የሚለብስ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያወራ ሰውዬ ነው። በትንንሽ ቡናማ ጠርሙስ ጠብታ ይሸጣል። መድኃኒቱ በውኃ በቀጠነ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል ባይ ነው፤ ሦስት ጠብታ ምላስ ሥር፣ ከዚያ አትለፉ ይላል።

አንድ ቀን ፍሬን እህቱ ቤት ሄዶ ውኃ ሊጠጣ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ኢንሱሊኑ ሳይነካ ተቀምጧል።

«እቴቴ፣ መርፌሽን ረሳሽ እንዴ?»

«አልረሳሁም። ተውኩት።»

«ተውኩት ማለት?»

«ተውኩት ማለት ተውኩት ነዋ! መርፌ የለመደ ሰውነት ጠብታውን አይቀበልም ብሎኛል።»

«ማነው እሱ? ሐኪም ነው?»

«ሐኪሙማ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ይሄ ግን እጄን ይዞ፣ ‹እናቴ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው?› አለኝ። አንተ ራስህ እንቅልፌን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጠይቋት አያውቅም። የዕድሜ ልክ ሥራው በሰው ፋንታ ፍሬን መርገጥ ነው፤ እህቱ ፊት ሲቀመጥ ግን እግሩ ሥር ምንም አልነበረም።

ያን ሰሞን ከጠብታ ቤቱ ፊት ለፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰለፉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መሪያቸው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት። «የምትገዙት ውኃ ነው!» የሚል ካርቶን ይዘው ይቆማሉ፣ ወረቀት ያድላሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይበተናሉ። ፍሬንም ካርቶን ተቀበለ። ለእሱ ሰልፉ የሳይንስ ክርክር አልነበረም። እህቱን ወደ መርፌዋ መመለስ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሐሳቡን ያመጡት ፋርማሲስቷ ናቸው። «ከሦስት ጠብታ አትለፉ ይላል አይደል? እኛ ሙሉ ጠርሙስ ጭልጥ አድርገን እንጠጣ። ምንም ሳንሆን ስንቀር፣ ባዶ ውኃ መሆኑን ሕዝቡ በዓይኑ ያያል።»

«መጀመሪያ እኔ ልጠጣ» አለ ፍሬን። «ግማሹን ሕዝብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።» እቴቴንም መጥታ እንድታይ ለመናት።

መጣች። እኔም ማዶ ቆሜ ነበር። ፍሬን ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ክዳኑን ፈታ፣ አንጋጦ ጨለጠው። የቀሩትም ተከተሉ። ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን።

«እህስ?» አለች ከዳር የቆመች ብርቱካን ሻጭ። «ምን ተሰማህ?»

«ምንም።»

«አይ! መላጣህ ላይ እንኳ ጸጉር ቢያበቅልልህ ምን ነበረበት!»

ሰዉ ሳቀ፤ ፍሬንም ሳቀ። ፋርማሲስቷ ድምፅ ማጉያቸውን አንስተው፣ «አያችሁ? ውኃ ነው!» እያሉ ሳለ የጠብታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሰውዬው ጋዋኑን ቆልፎ፣ እጆቹን አጣምሮ ወጣ።

«ወገኖቼ፣ እግዜር ያሳያችሁ» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «ሙሉ ጠርሙስ ጠጥተው አንዳቸውም ራሳቸውን እንኳ አላመማቸውም። እናታችን ፋርማሲስቷ ሲሸጡት የኖሩትን ኪኒን እስቲ ሙሉ ጠርሙስ ይዋጡልንና እንይ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰልፈኞቹ ያላሰቡት ይህን ነበር። ለእነሱ «ምንም አያደርግም» ማለት ስድብ ነው። ኪኒን ጨጓራ ይልጣል ሲባል ሲሰማ ለኖረ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ሲያመነቱ የነበሩት ሁሉ ወደ በሩ ሄዱ።

እቴቴ መንገዱን ተሻግራ የወንድሟን እጅ ያዘች። «እስከ ዛሬ እየፈራሁ ነበር የምወስደው» አለችው። «አንተ ጠጥተህ ደህና ስትሆን ልቤ አረፈ።»

ከዚያ በኋላ እቴቴ እየከሳች ሄደች። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ጫማዋ የግራ አውራ ጣቷን ልጦት ቁስሉ አልድን አለ። ፍሬን ለፋርማሲስቷ ነገራቸው። «እግሯን ይቆርጡታል» አሉት፤ «እሱም ከተረፈች ነው።»

በማግሥቱ ካርቶኑን ቤቱ ትቶ፣ ወረቀት ሳይዝ ወደ እህቱ ሄደ።

«እቴቴ፣ ጠብታውን አትተዪ።»

ቀና ብላ አየችው። «ምን ነካህ አንተ?»

«አትተዪ አልኩሽ። ጠብታሽን ውሰጂ፤ እኔ ደግሞ ጠዋትና ማታ እየመጣሁ መርፌውን ልውጋሽ።»

«ሁለቱ አይስማሙም ብሏል እኮ።»

«እኔ ያን ቀን ጠርሙሱን ጠጥቼ ስመለስ የደም ግፊት ኪኒኔን ውጫለሁ። ሆዴ ውስጥ ሲደባደቡ ሰማሽ?»

ከረጅም ጊዜ በኋላ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። ከዚያ ሰልፍ ውጣ። ብርቱካን ሻጭ እንኳ በወንድሜ መላጣ ስትስቅ መስማት አልፈልግም። በጠብታውም ላይ ክፉ አትናገር፤ ማንም ፊት።»

«እሺ» አለ ፍሬን። ከዚያ ኢንሱሊኑን አወጣ።

ጠዋት ከመጀመሪያው ተማሪ በፊት፣ ማታ ከመጨረሻው በኋላ እየሄደ ይወጋት ጀመር። ቁስሏን በጤና ጣቢያ አሳጠበ። ሲወጋት እንቅልፏን ይጠይቃታል፤ እሷም አንድ በአንድ ታወራለታለች። ስኳሩ ወረደ። የጣቷ ቁስል ከጫፉ እየገጠመ መጣ። ክሩንም ራሷ ታስገባው ጀመር።

እቴቴ ያዳናት ጠብታው እንደሆነ አልተጠራጠረችም። ለጎረቤት ተናገረች፣ ልብስ ለምትሰፋላቸው ተናገረች፤ ወሬው ሰውዬው ጆሮ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ምስክርነት እንድትሰጥ ጠራት። በመኪና ያደረሳት ፍሬን ነው። ቆማ ጫማዋን አውልቃ ጣቷን ስታሳይ፣ እሱ መሪውን ይዞ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ፋርማሲስቷ ካርቶናቸውን እንደያዙ ወደ መስኮቱ መጡ።

«ውረድና እውነቱን ንገራቸው!»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ እትዬ። ከተናገርኩ መርፌውን ትተዋለች። አውቃታለሁ።»

«እነዚያስ?» አሉ ወደ ሰዉ እየጠቆሙ። «አንዷ እኮ ዛሬ ቤቷ ገብታ መርፌዋን ትጥላለች። ጠዋትና ማታ እየመጣ የሚወጋት ወንድም አላት?»

ፍሬን የጎን መስተዋቱን አስተካከለ። እሳቸውም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔ ብሆን ምን እመልስ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤ አላገኘሁትም።

እቴቴ ፊቷ በርቶ መጣችና ገባች። «ጨበጨቡልኝ እኮ! ሴትዮዋ ምን አለችህ?»

«ሰላም አለችኝ።»

«ማታ ትመጣለህ አይደል? እኔ ራሴ ስወጋው ያመኛል።»

«እመጣለሁ» አለና ሞተሩን አስነሳ። ከጠብታ ቤቱ በር የተነሳው የገዢዎች ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ጥሩምባ አልነፋም፤ ሰዎቹ መንገዱን እስኪለቁለት ድረስ ቆሞ ጠበቀ።