እጅ ለእጅ የተማርነው የእንባ ትምህርት

መምህርት የሺመቤት አረፉ። መርዶውን ከደብረ ማርቆስ ደውላ የነገረችኝ አብራኝ የተማረችው ፋሲካ ናት። «ቲቸር የሺ ጥለውን ሄዱ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን እንባ እንቢ አለኝ።

በእርሳቸው እጅ ባዮሎጂ የተማራችሁ ሁሉ የዕጢዎችን ትምህርት አትረሱትም። ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ክፍሉን ሙሉ እጅ ለእጅ አያይዘው ያቆሙን ነበር። «እናንተ የእንባ ዕጢ ህዋሳት ናችሁ። ከአንጎል መልእክት የማመጣው ነርቭ እኔ ነኝ፤ ለሁላችሁም ግን አልደርስም» ብለው ዳር ላይ የቆመውን ተማሪ እጅ ብቻ ጨበጥ ያደርጋሉ። እርሱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለቀጣዩ ያሳልፋል። ህዋሳት በጠባብ መተላለፊያ እንደሚገናኙ፣ አንዱ የደረሰውን ምልክት ለሌላው እንደሚያቀብል፣ ዕጢውም እንባውን በኅብረት የሚያመነጨው በዚህ እንደሆነ የገባን ያኔ ነው። እጁን የሚነፍግ ከተገኘ አይምሩትም ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም? ከአንተ ወዲያ ያሉት ደርቀው ቀሩ እኮ!» ይሉታል። መጨረሻ ላይ የቆመው «ደረሰ!» ብሎ እስኪጮህ ድረስም አይቀመጡም።

አባቴ የሞተ ጊዜ መምህርት የትውልድ ቀበሌዬ ሮብ ገበያ ድረስ ለለቅሶ መጡ። ለቀስተኛው ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ደርቆ ተቀምጫለሁ። «ይህች ልጅ አንጀት የላትም እንዴ?» የሚሉ ነበሩ፤ ደረቴ ግን ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። መምህርት አጠገቤ ተቀመጡ። «አይዞሽ» እንኳ አላሉኝም። እጄን ይዘው ጨበጥ አደረጉኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው እንባቸው ይወርዳል። ያኔ እኔም አለቀስኩ፣ ለአባቴ እንደሚገባው አለቀስኩ።

ቀብራቸው በትውልድ አገራቸው በደብረ ኤልያስ ነበር። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ አሁንም እንባዬ አልመጣም። እኚህን ሴት ሳላለቅስላቸው አፈር ሊለብሱ ነው ብዬ ፈራሁ። በቀኜ የቆመችው ፋሲካ ፊቴን አየችና እጄን ጨበጠች። ያኔ እንባዬ መጣ። እያለቀስኩ በግራዬ የቆመውን የማላውቀውን ጎልማሳ እጅ ያዝኩና ጨበጥኩት። አልደነቀውም፤ ለካ እርሱም ተማሪያቸው ኖሯል። እጁን ወደሚቀጥለው ሲዘረጋ አየሁት።

መምህርታችን፣ ማን አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ይይዛል ብዬ ነበር የሰጋሁት። ሰልፉን ሠርተውት እንደሄዱ አላወቅሁም። ከመቃብርዎ ዙሪያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን አልቅሰንልዎታል። ቲቸር፣ ደርሷል፤ አሁን አረፍ ይበሉ።